ስለ አጭር ልቦለድ መነሻ ሐሳብ፤ ከቢቸናና ከሞጣ ሲታይ

የፈጠራ ጽሑፍ ከሚማሩ ወጣቶች አፍ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ቅሬታ አለ፤ «የምጽፈው ሐሳብ አጣሁ» የሚል። ቅሬታውን ከስንፍና የመጣ አድርጎ ማየት ተገቢ አይመስለኝም። ሐሳብ ድንገት የሚወርድ፣ ለተመረጡ ሰዎች ብቻ የሚገለጥ ነገር ነው ተብሎ ስለሚታመን ተማሪው ተቀምጦ ይጠብቃል። ሳይወርድለት ሲቀር ከፊልም ወይም ከሌላ ሰው መጽሐፍ ይበደራል። በዚህም የተነሣ ከቢቸና ወይም ከሞጣ የመጣ ወጣት የሚጽፈው አጭር ልቦለድ ቦሌ ካለ ካፌ ይነሣና እዚያው ካፌ ውስጥ ያልቃል። ጸሐፊው ቦሌን የሚያውቀው ቢሆን ነቀፌታ ባልኖረኝ፤ ግን አያውቀውም።

የሚገርመው ሐሳብን መፈለግ ራሱን የቻለ ትምህርት አድርጎ ለዘመናት ያስተማረ አገር ልጅ ሆኖ ሐሳብ ማጣቱ ነው። ዋሸራና ጎንጅ ከቅኔ ጋር ስማቸው አብሮ የሚነሣ ጉባኤ ቤቶች ናቸው፤ ከቢቸና የማይርቁት ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ ማርያምም የሊቃውንት መዋያ ሆነው ኖረዋል። የቅኔ ተማሪ ቀን ከሰው ራቅ ብሎ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም ከገደል አፋፍ ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል። ማታ የቆጠረውን ለመምህሩ ያቀርባል፤ መምህሩ ያርማል፣ ያቃናል። ትናንት የተነገረውን ዛሬ መድገም ነውር ነው፤ ዕለት ዕለት አዲስ ምሥጢር ይፈለጋል። «ዛሬ አልመጣልኝም» የሚል ሰበብ በዚያ ቤት ብዙ አያስኬድም።

ከዚህ ልማድ የአጭር ልቦለድ ጸሐፊ የሚወስደው፣ እንደ እኔ እምነት፣ የቃሉን ጌጥ አይደለም፤ የአፈላለጉን መንገድ ነው። ባለ ቅኔው አንድ የመጽሐፍ ታሪክ ይይዛል፤ ከዚያ ጎን በዓይኑ ፊት ያለውን ያቆማል፤ የዓመቱን ድርቅ፣ የባለጸጋውን ሞት፣ የሠርጉን ግርግር። ሁለቱ የሚነካኩበትን አንድ ነጥብ እስኪያገኝ ድረስ ያገላብጣል። ሰሙ ብቻውን ወሬ ነው፤ ወርቁ ብቻውን ስብከት ነው። ብዙ የተማሪ ድርሰት የሚወድቀው ከሁለቱ በአንዱ ላይ በመቅረቱ ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀሰሙ ሰው ናቸው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ረጅም ልቦለድ ቢሆንም ስለ መነሻ ሐሳብ ለሚመረምር ሰው ጥሩ ማስረጃ ነው። የዚያ ሁሉ መከራ ሥር አንድ ስእለት ነው። የማንኩሳ ባልና ሚስት ልጃቸውን በስእለት ለእግዚአብሔር ይሰጣሉ፤ ልጁ አድጎ ዲማ ላይ ሰብለ ወንጌልን ይወድዳል። ስእለት በጎጃም እንግዳ ነገር አይደለም፤ ያልተሳለ ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል። የደራሲው ድርሻ ማንም የሚያውቀውን ልማድ ወስዶ ማንም ያልጠየቀውን መጠየቅ ነበር፤ ወላጅ የተሳለውን ልጅ ይከፍለዋልን?

ይህን ዓይነት ጥያቄ ይዞ ሞጣ ለሚወርድ ሰው አገሩ ባዶ አይደለም። ከሞጣ በታች፣ ጎጃምን ከጎንደር በሚለየው ዐባይ ላይ፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት ሰባራ ድልድይ አለ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ፈርሶ ለብዙ ዓመታት መንገደኛው የሚሻገረው በገመድ ነበር፤ በወዲህና በወዲያ የቆሙ ወንዶች ገመዱን እየሳቡ ሰውን ከነጓዙ በገደሉ አየር ላይ ያሻግሩታል። በኋላ ድልድዩ ተጠግኖ፣ ዳግመኛ በጎርፍ ፈርሶ፣ ተንጠልጣይ የእግር ድልድይ ተሠርቶለታል። ስለዚህ ድልድይ ጻፍ የተባለ ተማሪ በአብዛኛው የድልድዩን ጥንታዊነትና የዐባይን ግርማ ይጽፋል። እኔን ግን የሚይዘኝ የገመድ ሳቢው እጅ ነው። በገመዱ ላይ የተንጠለጠለው መንገደኛ ደም የተቃባው ሰው ቢሆንስ? ከጎኑ የቆሙት ሳቢዎች ይህን ቢያውቁስ? ዋጋውን አስቀድሞ ተቀብሎ ቢሆንስ? አንድ አጭር ልቦለድ ከዚህ የበለጠ ቦታና ጊዜ አይፈልግም። እንዲህ ያለ ታሪክ እስካሁን አላነበብሁም።

መሬትም አለ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ፣ መሬት ይለካል፣ ርስት ይነጠቃል በሚል ስጋት የጎጃም ገበሬ ሲያምፅ ቢቸናና ሞጣ ከዋነኞቹ የዐመፁ ቦታዎች መካከል ነበሩ፤ የታሪክ ባለሙያዎች ብዙ ስለ ጻፉበት አልደግመውም። ለልቦለድ ይበልጥ የሚመቸኝ የ1989 ዓ.ም.ቱ የአማራ ክልል የመሬት ድልድል ነው። በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር የተሾሙ አርሶ አደሮች «ቢሮክራት»፣ ከዘውዱ ሥርዓት ጋር ንክኪ ነበራቸው የተባሉት ደግሞ «ቅሪት» ተብለው ከጎረቤታቸው ያነሰ መሬት እንዲይዙ ተደረገ። ሞፈር ጨብጦ የሚውል፣ ጫማ ያላደረገ ሰው «ቢሮክራት» ተባለ። የዚያ ሰው ልጅ ዐሥር ዓመት ቆይቶ በትምህርት ቤት የቃሉን ትርጉም ከመምህሩ ሲሰማ፣ ማታ ለአባቱ ይነግረዋልን ወይስ ይደብቀዋል? ታሪኩ ከዚህች አንዲት ማታ ውጭ መሄድ አያስፈልገውም፤ የድልድሉ ፖለቲካ ሳይነገር በእራቱ ላይ ይቀመጣል።

ቼኾቭ በ1886 እ.ኤ.አ. ባወጣው አንድ አጭር ታሪክ ልጁ የሞተበት የሠረገላ ነጂ ሐዘኑን የሚሰማው ተሳፋሪ ያጣና በመጨረሻ ለፈረሱ ይነግረዋል። የልጁ ሞት ታሪኩ ሲጀምር ያለፈ ነገር ነው፤ ታሪኩ የሰሚ ማጣት ታሪክ ነው። የእኛ ለቅሶ ቤት ሰሚ የማይታጣበት ስለሆነ ይኸው ሐሳብ እንዳለ ቢቀዳ ውሸት ይሆናል። ለሞጣ ጸሐፊ የሚሆነው ምናልባት ተቃራኒው ነው፤ ሰሚው በዝቶበት ብቻውን ማልቀስ ያቃተው ሰው።

ታላላቅና ትኩስ ቁስሎችን በተመለከተ ደግሞ በተማሪዎቻችን ዘንድ ሁለት ዓይነት ሽሽት አያለሁ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ ከተማ መስጊዶች ተቃጥለዋል፤ የሙስሊሞች ሱቆችም ወድመዋል። አንዱ ወገን ይህን ጨርሶ አይነካውም። ሌላው ይነካውና በወንድማማችነት መዝሙር ይደመድመዋል። አጭር ልቦለድ ግን መግለጫ ማውጣት አይጠበቅበትም። በማግስቱ ማለዳ፣ በየቀኑ ቡና አብራ የምትጠጣውን ሙስሊም ጎረቤቷን በር ለማንኳኳት ከደጇ ወጥታ የቆመችን ሴት ማየት ይበቃዋል። ምን ይዛ ትሂድ? ባዶ እጅዋን? ልጇ ትናንት የት እንደ ዋለ ባታውቅስ? ይህን መጻፍ የሚችለው የዚያን ሰፈር የቡና ሰዓት የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ካልጻፈው የሚቀረን ዜናው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ተገቢ ጥንቃቄ አለ። በትንሽ ከተማ ስም መቀየር ሰውን አይሸሽግም። አንካሳ ነጋዴውን ዕውር ገበሬ ማድረግም እንዲሁ፤ ገበያተኛው በሙሉ ያውቀዋል። ከሰው ታሪክ የሚወሰደው ጥያቄው ነው። ሰውየውን ትቶ ጥያቄውን ለሌላ ዕድሜ፣ ለሌላ ፆታ፣ ለሌላ ቤት ሲሰጡት ሐሳቡ በአብዛኛው ይጠነክራል እንጂ አይደክምም።

ለአገር ልጅነት ከመጠን ያለፈ ዋጋ ሰጥተሃል የሚለኝ ይኖር ይሆናል። ብዙዎች የመጀመሪያው የአማርኛ አጭር ልቦለድ የሚሉትን፣ በ1941 ዓ.ም. የታተመውን «የጉለሌው ሰካራም»ን የጻፈው ተመስገን ገብሬ የጎጃም ሰው ነው፤ ታሪኩ ግን የአዲስ አበባው ጉለሌ ነው። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ሐሳቤንም አያፈርስም። ተመስገን ጉለሌን በዓይኑ አይቶታል። የምቃወመው ሳያዩ መጻፍን ነው።

ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ክፍሎች የማቀርበው አሳብ ቀላል ነው። በፎክሎር የሚሠሩ የመመረቂያ ጽሑፎች በአባሪያቸው ሙሾ፣ ቀረርቶ፣ የሽምግልና ንግግርና የሙግት ቃል ይይዛሉ። ትንተናው ብዙ ጊዜ ከአባሪው ይደርቃል፤ አባሪውን ግን ከፈታኙ ሌላ የሚገልጠው ያለ አይመስለኝም። የፈጠራ ጽሑፍ ተማሪ በአንድ መንፈቅ ዓመት ከእነዚህ አባሪዎች ሁለቱን እንዲያነብ፣ ባገኘው ላይ በየቀኑ አንድ ጥያቄ ብቻ በመዝገብ እንዲያሰፍር፣ በሳምንቱ መጨረሻም እንደ ቅኔ ተማሪው በመምህሩ ፊት እንዲያቀርብና እንዲታረም ቢደረግ ወጪው አንድ ደብተር ነው። መዝገቡ ከድርሰቱ ጋር ለፈታኝ ይቅረብ፤ የትኛው ታሪክ ከየትኛው ጥያቄ እንደ በቀለ፣ የትኛውም ጥያቄ ሳይበቅል እንደ ቀረ እዚያ ይታያል።