ሱሪውን ስለሚያበላሽ ሕፃን

ዛሬ የምጽፍላችሁ ነገር በማዕድ ዙሪያ የማይነሣ፥ በእንግዳ ፊትም የማይጠራ ነው። ነገር ግን በብዙ ቤት ባልና ሚስትን ሲያጨቃጭቅ፥ ሞግዚትን ከሥራዋ ሲያስወጣ፥ ከሁሉም ይልቅ መልስ መስጠት የማይችለውን ሕፃን ሲያስገርፍ ስለሚኖር፥ ኀፍረቱን ትተን በግልጽ ብንነጋገርበት ይሻላል። ነገሩም ይህ ነው፤ በሦስት ዓመቱ ፖፖ ለምዶ ንጹሕ የነበረ ልጅ፥ አራትና አምስት ዓመት ከሆነው በኋላ እንደ ገና ሱሪውን ማበላሸት የጀመረ እንደ ሆነ ምን ማድረግ ይገባል?

በአንድ ወዳጄ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ልጁ አምስት ዓመቱ ነበረ። ቤተ ሰቡ ቤት ከለወጠ በኋላ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ሱሪው ይቆሽሽ ጀመር። ሲጠየቅም «አላወቅሁም» ይላል። አባቱ ይህን ቃል እንደ ውሸት ቈጥሮ፥ «ሽታው ለእኛ ሲደርስ ለራሱ እንዴት አይደርሰውም?» እያለ ይቈጣው ነበር። እናቱ ደግሞ የሚወጣው ቀጭንና ውኃ የመሰለ ስለ ሆነ፥ ተቅማጥ ነው ብላ ጎመንና ፍራፍሬ ከለከለችው፤ የሚጠጣውንም ውኃ ቀነሰችበት። በግቢው ያሉ ልጆች «ሽንታም» የሚል ስም አወጡለት፤ ነገሩ ሽንት አልነበረም፤ ልጆች ግን ስም ሲያወጡ ማስረጃ አይመረምሩም። እንዲህ ሆኖ አራት ወር ቈየ። በመጨረሻ አባቱ በርበሬ ሊያጥነው ቈርጦ በተነሣ ጊዜ፥ አያቱ «አስቀድሞ ሐኪም ይየው» ብለው ከለከሉ።

ሐኪሙም የልጁን ሆድ በእጃቸው ሲዳስሱ፥ ከእንብርቱ በታች በግራ በኩል የጠጠረ ነገር አገኙ። ልጁን የያዘው ተቅማጥ ሳይሆን ድርቀት ነበረ።

ይህ እንዴት ይሆናል ቢሉ እንደሚከተለው ነው። ሕፃኑ አንድ ቀን ዓይነ ምድሩ ደርቆ ሲወጣ ያመዋል፤ ወይም የአዲሱ ቤት መጸዳጃ ጨለማ ይሆንበትና ጕድጓዱ የሚውጠው መስሎት ይፈራል፤ ወይም የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ በር የሌለው ሆኖ ያፍራል። ስለዚህ መምጣቱ ሲሰማው ጭኑን ገጥሞ፥ በእግሩ ጣት ቆሞ፥ ፊቱ እስኪቀላ ድረስ ወደ ውስጥ ይይዘዋል። ያየው ሰው የሚያምጥ ይመስለዋል፤ እሱ ግን እየከለከለ ነው። በውስጥ የቈየውን አንጀት ውኃውን ስለሚመጠው ይበልጥ ይደርቃል፤ በሚቀጥለው ጊዜም ይበልጥ ያማል፤ ሕመሙም ፍርሃቱን ይጨምረዋል። ሳምንታት ሲያልፉ የአንጀቱ መጨረሻ ይለጠጥና «ሞላሁ» የሚለውን መልእክት መላክ ይተዋል። ከበላዩ ያለው ቀጭን ዓይነ ምድር ግን በጠጠረው ጎን ሾልኮ፥ ልጁ ሳይሰማው ይፈሳል። እንግዲህ «አላወቅሁም» ያለው እውነቱን ነበረ። ሽታውም ቢሆን፥ ዘወትር አብሮ የሚውለውን ሽታ አፍንጫ ይለምደዋል።

እኔ በፍርድ ቤት ጽሕፈት ብዙ ዘመን የሠራሁ ሰው ነኝና ነገሩ ይከነክነኛል። ለትልቅ ሰው ማድረጉ ብቻ ሳይሆን አስቦ ማድረጉ ይመረመርለታል፤ በገዛ ቤታችን ግን የአምስት ዓመት ልጅ ያለ ምርመራ ይፈረድበታል። ቅጣቱ ደግሞ በሽታውን ያብሰዋል፤ የተገረፈ ልጅ መጸዳጃን የበለጠ ይሸሻል፤ የቆሸሸውንም ልብስ ከአልጋ ሥር ይሸሽጋል።

ሐኪሙ ያዘዙለት ፖሊኤትሊን ግላይኮል የሚባል፥ በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣና ዓይነ ምድርን የሚያለሰልስ ዱቄት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች የተጠራቀመው እስኪወጣ ድረስ በርከት ተደርጎ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ መጠኑ ተቀንሶ ለብዙ ወር ይቀጥላል። ብዙ ወላጆች የሚሳሳቱት በዚህ ላይ ነው። ወዳጄም ሱሪው ንጹሕ ሆኖ ሦስት ሳምንት ሲሞላ መድኃኒቱን አስተወው፤ በወሩ ነገሩ ሁሉ ተመለሰ። የተለጠጠ አንጀት ወደ ቀድሞ መጠኑ የሚመለሰው በሳምንት ሳይሆን በወራት ነውና። ኮሶና ሌላም ኀይለኛ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ለሕፃን በገዛ እጅ መስጠት ግን ፈጽሞ አይገባም።

በቤት የሚደረገው ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ምግብ ወደ ሆድ ሲገባ አንጀት ይንቀሳቀሳልና፥ ልጁ ከቍርስና ከእራት በኋላ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይቀመጥ። እግሩ በአየር ላይ እንዳይንጠለጠል በርጩማ ይደረግለት፤ ጕልበቱ ከዳሌው ጥቂት ከፍ ሲል መውጣቱ ይቀለዋል። ጕድጓድ ለሚፈራ ልጅ ፖፖው ይመለስለት። ከእርሱ ጋራ ሰው ተቀምጦ ተረት ያውራለት፤ ምስጋናውም ለመቀመጡ እንጂ ለወጣው ነገር አይሁን። ውኃ በደንብ ይጠጣ፤ ጎመን፥ ምስር፥ ፓፓያና ብርቱካን ይብላ። ሱሪው በቆሸሸም ጊዜ ያለ ቍጣ ታጥቦ ይለወጥለት። መምህሩም በምሥጢር ይነገረው፤ ልጁ በጠየቀ ጊዜ ሁሉ እንዲወጣ ይፈቀድለት፥ በቦርሳውም ትርፍ ሱሪ ይያዝለት።

ሌሊት በአልጋ ላይ መሽናት ሌላ ነገር ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ሐኪሞች እንደ በሽታ አይቈጥሩትም፤ አምስት ዓመት ከሞላቸው ልጆችም ከመቶ ዐሥራ አምስት የሚያህሉት ገና ይሸናሉ፤ በየዓመቱም አንዳንዶቹ ያለ መድኃኒት ይተዉታል። በዘርም ይወረሳል፤ አባትና እናት ሁለቱም በልጅነታቸው ይሸኑ ከነበረ፥ ከአራት ልጆቻቸው ሦስቱ ያህል ይሸናሉ። ስለዚህ አባት ልጁን ከመቈጣቱ በፊት እናቱን ስለ ራሱ ልጅነት ቢጠይቅ መልካም ነው። ድርቀት ያለበት ልጅ ደግሞ የሞላው አንጀት ፊኛውን ስለሚጫነው ቀንም ሌሊትም ሊሸና ይችላል።

ሳይዘገይ ወደ ሐኪም መወሰድ ያለበትም አለ። ውኃ ጥም የጸናበት፥ እየከሳም እንደ ገና መሽናት የጀመረ ልጅ የስኳር በሽታ ይዞት ይሆናልና በዚያው ቀን ይታይ። ሲሸና የሚያቃጥለውና ትኵሳት ያለው፥ አካሄዱ የተለወጠ ወይም እግሩ የደከመ፥ ሆዱ ተነፍቶ የሚያስመልሰው፥ ከተወለደም በሁለት ቀን ውስጥ ዓይነ ምድር ሳይወጣው የቀረና ከዚያ ጀምሮ የሚደርቅበት ልጅ ሁሉ እንዲሁ ነው። በድንገት የተለወጠውንም ልጅ፥ ያስፈራራው ወይም የጐዳው ሰው እንዳለ ብቻውን አድርጎ በቀስታ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የወዳጄ ልጅ መድኃኒቱን እንደ ገና ጀምሮ በሰባተኛው ወር ተወ። አባቱ ይቅርታ ጠይቆት እንደ ሆነ አልጠየቅሁትም፤ ነገር ግን ያን በርጩማ አሽከር ሳይጠራ በገዛ እጁ ተሸክሞ ከገበያ ሲያመጣለት አይቼዋለሁ።