ጠመንጃና መለዋወጫው

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ፥ የማረቆ በርበሬ ወይም የጨርቅ ጣቃ በመጋዘን የሚያሳድር ነጋዴ ለሌሊት ዘበኛው መሣሪያ ማሰቡ አያስነቅፈውም። አባቶች የሚያውቁት ውጅግራንና ምንሽርን ነበር። ዛሬ ግን ክፍሉ እየተፈታ በሌላ የሚተካ፥ ሰደፉ የሚረዝምና የሚያጥር፥ የማነጣጠሪያ መነጽር የሚጨመርበት፥ ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት የሚተኩስ በከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ በውጭ አገር ገበያ ይሸጣል።

በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እንደ ጠመንጃ የሚቈጠረው ቁጥር የተቀረጸበት ዋናው አካል ሲሆን፥ ሰደፉንና መነጽሩን ገዢው እንደ ማናቸውም ዕቃ ይገዛል። ይህን ሰምቶ የጠመንጃን ክፍል እንደ መኪና መለዋወጫ የሚገምት አስመጪ ቢኖር ስሕተቱ ብርቱ ነው። ኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. የፈረመችው የናይሮቢ ፕሮቶኮል፥ ለመሣሪያው ሥራ አስፈላጊ የሆኑትን ክፍሎችና መለዋወጫዎች ጭምር በቁጥጥር ውስጥ አግብቷል። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረትም ጠመንጃን ያለ ፈቃድ መያዝም፥ መነገድም፥ ወደ አገር ማስገባትም ክልክል ነው።

ስለዚህ ትክክለኛው ሥርዓት ፈቃዱን ከመሣሪያው ማስቀደም ነው። በፈቃድ የተያዘውንም ቢሆን አንድ ክፍሉን ከመለወጥ በፊት ፈቃድ ሰጪውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይገባል፤ ወረቀቱ ከመሣሪያው ጋራ ካልተስማማ ለባለቤቱ መከራከሪያ አይሆነውምና። በሸቀጥ መካከል የተሸሸገች አንዲት ክፍል ብትገኝ፥ የሚጠፋው ዕቃው ብቻ ሳይሆን ብዙ ዓመት የተደከመበት ስም ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።