«አንቺ ተከራይ ነሽ፣ አያገባሽም!»

የዛሬዋ ደብዳቤ የፍቅር አይደለችም። (ገጹን እንዳትገልጡት፣ ነገሩ ከፍቅርም ይብሳል!) ጸሐፊዋ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይታ የምትኖር ወጣት ናት። ውሃው እላይ ድረስ ስለማይወጣ ጠዋት ጠዋት ጀሪካን ተሸክማ ደረጃውን ትወጣለች። በብሎኩ ስብሰባ ላይ ተነስታ «ሮቶና ፓምፕ አዋጥተን እንግዛ» ብትል የኮሚቴው ሰብሳቢ ምን አሏት መሰላችሁ? «አንቺ ተከራይ ነሽ፣ አያገባሽም!» በዚያው ማታ አከራይዋ ደወሉ። «ነገር አታምጪብኝ፣ አለበለዚያ ቤቴን ልቀቂ!» አሏት። «ዝም ልበል ወይስ ልልቀቅ?» ትለኛለች።

እህቴ፣ ሁለቱንም አታድርጊ።

መጀመሪያ የቤቱን ነገር እንጨርስ። በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ያንቺ ተመዝግቧል? ካልተመዘገበ ከፓምፑ በፊት እሱን አስመዝግቢ።

ሰብሳቢው ደግሞ ጨርሰው አልዋሹም። በ1995 ዓ.ም የወጣው የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ማኅበሩን ለባለቤቶች ነው የሰጠው። ጣጣው፣ ባለቤቱ የት አለ? በ1997 ወይም በ2005 ተመዝግቦ፣ ስንት ዓመት ጠብቆ ዕጣ የወጣለት ሰው፣ ብዙ ጊዜ የባንኩን ዕዳ የሚከፍለው ቤቱን አከራይቶ ነው። ድምፁ የሱ፣ ጀሪካኑ ያንቺ!

እኔም ተከራይ ነኝ፣ ያውም አራተኛ ፎቅ። የኛን ብሎክ ልንገርሽ። ሦስቴ ስብሰባ ጠራን፣ ሦስቴም ስምንት ሰው ብቻ መጣ። ግራውንድ ያሉት «ውሃ እኛ ጋ ይመጣል፣ ለምን ብለን እናዋጣ?» አሉ። እኛም አኮረፍን። እኔ ራሴ አንዲት እናትን ሰላም ማለት ትቼ ነበር፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

በኋላ ከጎረቤቶቻችን አንዱ ሐዘን ደረሰበትና ኮሚናሉ ውስጥ ለቅሶ ተቀመጥን። እኚያ የዘጋኋቸው እናት አጠገቤ ነበሩ። ጨዋታ መጣና፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ሲሞላ ፍሳሹ ወደሳቸው ቤት እንደሚመለስ፣ የልጅ ልጃቸው ሽታውን ሽሽት ሌላ ዘመድ ጋ እንደሚያድር፣ የሚመጥጠውን መኪና ደግሞ ግራውንድ ያሉት ብቻቸውን እንደሚከፍሉ ነገሩኝ። እንዴ! ፍሳሹ እኮ የኛም ነው። አንድ ቀን እንኳ ጠይቀናቸው አናውቅም።

ከቀብሩ ሳምንት በኋላ ከአንድ ጎረቤቴ ጋር ቤት ለቤት ዞርን። ንግግራችን አጭር ነበር፤ ላይ ያለነው ለፍሳሹ፣ ታች ያላችሁ ለፓምፑ። ቃላችንን እንዲያምኑ የመኪናውን ሒሳብ እኛ ቀድመን ከፈልን። ፓምፑ ግን ወዲያው አልተገዛም፣ አምስት ወር ፈጀ። ያም ሆኖ አሁን ውሃው ይወጣል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ዝም በይ፣ ከዚያ በፊት ግን በር አንኳኪ። ከግራውንድ ጀምሪ። ስለ ፓምፑ ትንፍሽ ሳትይ ምን እንደቸገራቸው ጠይቂ፣ ቡና ካሉሽ ጠጪ። ዕድር ካላችሁ ግቢ፤ የኛ ዕድር ባለቤት ተከራይ ብሎ አይለይም። ስብሰባው ላይ ሐሳቡን እዚያው የሚኖር አንድ ባለቤት ያንሳልሽ። ያንቺ ስም ባይነሳስ ምን ቸገረሽ?

ገንዘቡን ግን አደራ፣ እንዳትይዢ! ሦስት ሰው ፈርሞ የሚያወጣው የባንክ ደብተር ይከፈት፣ ደረሰኙም ደረጃው ላይ ይለጠፍ። ተከራይ ብር ሰብስቦ ነገ በሌላ ምክንያት ቤት ቢለቅ ምን እንደሚወራ አንቺም ታውቂዋለሽ።

አከራይሽ ጋም ራስሽ ደውዪ፣ በቁጣ አይሁን። «ድርሻዎን እኔ ላዋጣና ከኪራዩ ይታሰብልኝ?» በያቸው። ውሃ ያለው ቤት ይጠሉ መስሎሽ ነው? እሺ ካሉሽ በጽሑፍ አድርጊው። አብረሽም በስብሰባው እንድትወክያቸው ደብዳቤ ጠይቂ። የኛ ሰብሳቢ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲያዩ ዝም ብለው ወንበር ሰጥተውኛል።

እኛ ጋ ሁለት ቤቶች እስከዛሬ ሳያዋጡ ውሃውን ይጠቀማሉ። አንዱ የሰብሳቢው የቅርብ ዘመድ ነው። መላ ያላችሁ ጻፉልኝ፣ እኔ አላገኘሁለትም።