«የእርግዝና ነው» እያልን የምናልፈው ደም

በምሥራቅ ጎጃም፣ መርጡለ ማርያም ይሁን ቢቸና ወይም ሞጣ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ጥርሷን ስትፋቅ ደም ብታይ የምትሰማው መልስ አስቀድሞ የታወቀ ነው። «የእርግዝና ነው፤ ስትወልጂ ይተውሻል» ትላታለች አማቷ። ጎረቤቷም ያንኑ ትደግማለች፤ አንዳንዴ የጤና ባለሙያውም ጭምር። ከሦስትና ከአራት ልጅ በኋላ ጥርሷ መነቃነቅ ሲጀምር ደግሞ ሌላ ማብራሪያ ይጨመራል፤ ልጆቹ ካልሲየሟን መጠጧት፣ ጥርሷን እነሱ ጨረሱት ይባላል። አነጋገሩ ማጽናኛ ይመስላል። እኔ ግን ጎጂ ነው እላለሁ። በሽታውን ዕጣ ፈንታ ያደርገዋል፤ ጥርስ ማጣትንም የእናትነት ዋጋ አድርጎ ያስቆጥረዋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሴትየዋ በገዛ እጇ ልታደርገው የምትችለውን ቀላል ነገር እንዳታደርግ ማዘናጋቱ ነው።

እርግዝና ድድን እንደሚነካ የሚክድ የለም። እ.ኤ.አ. በ1963 ሎ እና ሲልነስ የተባሉ ተመራማሪዎች ባወጡት የታወቀ ጥናት የነፍሰ ጡሮች የድድ ቁጣ ከሁለተኛው ወር ጀምሮ እየጨመረ ሄዶ በስምንተኛው ወር ከፍተኛው ደረጃ ላይ እንደሚደርስ፣ ከዚያም እንደሚቀንስ አሳይተዋል። «የእርግዝና ነው» ለሚለው ሰው ይህ ማስረጃ የሚመች ይመስላል። ነገር ግን ሆርሞኑ ብቻውን ጤነኛ ድድ አያደማም። የሚያባብሰው ቀድሞ የነበረውን፣ በጥርሱ ሥር በተጋገረው ቆሻሻ ምክንያት የመጣውን ቁጣ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1965 ይኸው ሎ በዴንማርክ አርሁስ ከተማ ያደረገው ሙከራ ነገሩን ግልጽ አደረገው። ድዳቸው ጤነኛ የነበረ፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች የሆኑ ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ ተደረገ፤ በሦስት ሳምንት ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳቱን ሲጀምሩ ደግሞ በአንድ ሳምንት ገደማ ወደ ቀድሞው ጤንነቱ ተመለሰ። ከነዚያ ሰዎች ውስጥ በእርግዝና ምክንያት ድዱ የደማ አልነበረም። የድድ ቁጣን የሚያመጣውም የሚያጠፋውም የየዕለቱ ልማድ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ማስረጃ ማምጣት ይከብዳል።

ቆሻሻው የሚሰበሰበው ድዱና ጥርሱ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ነው። በመጀመሪያ በጥፍር ቢፋቅ የሚለቅ፣ ነጣ ያለ ለስላሳ ነገር ነው፤ በቀናት ውስጥ በምራቅ ማዕድን እየጠጠረ ይሄድና በመፋቂያም በብሩሽም የማይነሳ ድንጋይ ይሆናል። ድዱ ያብጣል፤ መልኩ ይቀላል፤ ሲነኩት ይደማል። እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ ይመለሳል። ችላ ሲባል ግን ቁጣው ወደ ውስጥ ይዘልቅና ጥርሱን ይዞ ያቆመውን አጥንት ይበላዋል፤ የተበላ አጥንት ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። ጎርፍ ሥሩን ያጠበበትን የአጥር ካስማ ያየ ሰው ቀሪውን ያውቀዋል። ካስማው አልነቀዘም፤ የሄደው አፈሩ ነው። እናቶች «ቀዳዳ የሌለው ደህና ጥርሴ ወለቀ» ብለው የሚደነቁት ለዚህ ነው። ካልሲየሙን በተመለከተ ደግሞ ጽንሱ የሚፈልገውን የሚያገኘው እናቲቱ ከምትበላው፣ እሱ ካልበቃም ከአጥንቷ ነው እንጂ ከጥርሷ አይደለም። አንዴ የተሠራ ጥርስ ካልሲየሙን መልሶ ለደም የሚሰጥበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ልጅ የእናቱን ጥርስ በላ ማለት ሐሰት ነው፤ ልጁም ከዚህ ክስ ነፃ ነው።

የተሳሳተው እምነት የተሳሳተ ተግባር ይወልዳል። የመጀመሪያው ድድ ሲደማ መፋቅ ማቆም ነው። «አታስቆጪው፣ ይረፍ» ይባላል። ያ ማለት ደሙን ያመጣው ቆሻሻ ሳይነካ እንዲከመር መፍቀድ ነው። መደረግ ያለበት ተቃራኒው ነው፤ በለስላሳ ብሩሽ ወይም ጫፉ በደንብ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ጸጉር በሳሳ መፋቂያ፣ ጥርሱና ድዱ የሚገናኙበትን መስመር በቀስታ ማጽዳት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይደማል፤ ከዚያ ደሙ እየቀነሰ ይሄዳል። የወይራም የክትክታም መፋቂያ ክፉ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ቢሆን ብሩሽ በማይገኝበት ቦታ የመፋቂያን አጠቃቀም ሲያበረታታ ኖሯል። ችግሩ አፋፋቃችን ነው። የሚታዩትን የፊት ጥርሶች በደረቅ እንጨት ወዲያና ወዲህ እየሞረድን መንጋጋውንና የምላስ በኩሉን እንተዋለን። ሲፈገግ የሚታየው ነጭ ይሆናል፤ በሽታው ያለበት ሳይነካ ያድራል፤ የተሞረደው ድድም ወደ ላይ ይሸሻል።

ሁለተኛው ተግባር ንቅሳት ነው። ድድ መነቀስ በአካባቢያችን የውበት ብቻ ሳይሆን የመድኃኒትም ስም አለው፤ የሚደማ ድድ ሲነቀስ ይጠነክራል ይባላል። ስለ ውበቱ አልከራከርም፤ ጥቁር ድድ ነጭ ጥርስን እንደሚያደምቅ ማንም ያያል። መድኃኒትነቱን ግን ልንቀበለው አይገባም። በመርፌ ወይም በእሾህ የሚገባው ጥላሸት ከድዱ ሥር ያለውን ቆሻሻ አያነሳም፤ የሚያደርገው የቁጣውን ቅላት መሸፈን ነው። ሴትየዋ ራሷ መስታወት ብታይ፣ ባለሙያም ቢያያት፣ ዋናው ምልክት በቀለሙ ተደብቋል። በዚያ ላይ ከአንዷ አፍ ወደ ሌላዋ የሚሄድ መርፌ የጉበት ቫይረስንም ኤችአይቪንም ሊያስተላልፍ ይችላል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ አደጋው ለሁለት ነው።

ሦስተኛው መንቀል ነው። አፍን በተመለከተ የያዝነው ባህል በጠቅላላው የማስወጣት ባህል ነው ብዬ አምናለሁ። ሕፃኑ ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «ግግ ነው» ብለን ገና ያልወጣ ጥርሱን ከድዱ ፈልቅቀን እናወጣለን፤ እንጥሉን እናስቆርጣለን፤ አዋቂው ጥርሱ ሲነቃነቅ እናስነቅላለን። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 የሕፃንን እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውጣትን ነፍሰ ጡርንና ሕፃንን ከሚጎዱ ልማዶች ጋር መድቦ ለሞት ያበቃን ሰው ይቀጣል። ሕጉ ማውጣቱን ከለከለ እንጂ መጠበቅን አላስተማረም፤ ያ የሕግ ሥራ ስላልሆነ የእኛ ሆኖ ቀርቷል።

በጾምና በቅዳሴ በሚመራ አገር፣ ከእቴጌ እሌኒ ዘመን ጀምሮ ስሙ በሚነሳው በመርጡለ ማርያም ገዳም ዙሪያ ስለሚኖር ሕዝብ ስንጽፍ አንድ ተቃውሞ በቅንነት መመለስ አለበት። ቆራቢ በቅዳሴ ዕለት ጠዋት ውሃ ወደ አፉ ማስገባት አይፈልግም፤ መብቱ ነው። ነገር ግን ለድድ ዋናው ማጽዳት የማታው ነው። እንቅልፍ ላይ ምራቅ ስለሚቀንስ ከእራት የተረፈው ሌሊቱን ሙሉ ተጋግሮ ያድራል። ከመኝታ በፊት ያጸዳ ሰው ጠዋት ሳይጉመጠመጥ ቤተ ክርስቲያን ቢሄድ የሚጎድልበት ጥቂት ነው። የአራስ ቤቱም ነገር እንዲሁ ነው። አራስ ቀዝቃዛ ውሃ አፏን ከነካው ጥርሷ ይላላል የሚባለውን ለመሟገት ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም፤ ለብ ያለ ውሃ ይቅረብላት። ማርና አጥሚት በየሰዓቱ እየቀረበላት ለአርባ ወይም ለሰማንያ ቀን አፏ ሳይጸዳ መክረሙ ነው የሚጎዳት። በማስመለስ የምትሰቃይ ነፍሰ ጡር ደግሞ የጨጓራ አሲድ የጥርሷን ገጽ ስለሚያለሰልሰው ወዲያው ከመፋቅ ይልቅ በውሃ ተጉመጥምጣ ግማሽ ሰዓት ያህል ብትቆይ ይሻላታል። ማቅለሽለሹን ለማስታገስ ቀኑን ሙሉ የምትጎነጨው ለስላሳም አሲድና ስኳር ነው። ከገበታችን የሚመሰገነው ጥሬ ቃርያ ነው፤ በረጅም ጾም ወቅት ድድ የሚፈልገውን ቫይታሚን ሲ በርካሽ ይሰጣል። ለማጽጃው ግን ምትክ አይሆንም።

«ነፍሰ ጡር ጥርሷን አታስነካም፤ ጽንሱ ይወርዳል» የሚለው ፍርሃት ከሁሉ የጠነከረ ነው፤ ከፅንስ ፍቅር የመጣ ስለሆነም በንቀት መመለስ የለበትም። መልሱ በጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ 823 የድድ ሕመም ያለባቸው ነፍሰ ጡሮች የተሳተፉበት ጥናት ውጤት ታተመ። ግማሾቹ ከ21ኛው ሳምንት በፊት ጥርሳቸው ከሥሩ ተፍቆ ጸዳ፤ ግማሾቹ ከወለዱ በኋላ። ሕክምናው በእናትም በጽንስም ላይ ጉዳት አላደረሰም፤ የድዳቸውም ጤና ተሻሻለ። ያለ ጊዜው የመውለድ መጠን በታከሙት 12.0 በመቶ፣ ባልታከሙት 12.8 በመቶ ነበር፤ ልዩነት የለውም ማለት ነው። ይህን ሁለተኛውን ክፍል መደበቅ አልፈልግም። የድድ ሕመም ያለ ጊዜው ከመውለድ ጋር አብሮ እንደሚታይ በርካታ ጥናቶች ቢናገሩም፣ በእርግዝና ወቅት ድድ ማከም ያንን ይከላከላል ብሎ ቃል መግባት ማታለል ነው። የኔ ክርክር ግን በዚያ ላይ የቆመ አይደለም። እናት የምትታከመው ለልጇ ማቆያ ዕቃ ስለሆነች አይደለም፤ ራሷ የምታኝክበት አፍ፣ የሚያማት ድድ ስላላት ነው። የሚያስፈራውስ ቤት ውስጥ የሚደረገው ነው። የጥርስ ሐኪም ፈርታ ከመደብር የገዛችውን ቴትራሳይክሊን የምትውጥ ነፍሰ ጡር የልጇን ጥርስ ገና ሳይበቅል ልታበላሸው ትችላለች።

«አያቶቻችን ያለ ሐኪም ጥርሳቸውን ይዘው አርጅተዋል» የሚሉ አሉ። አንዳንዶቹ አዎ። እነሱ ግን ስኳሩ እንደ ዛሬ ያልበዛበት ዘመን ሰዎች ናቸው፤ መፋቂያውም ከአፋቸው አይለይም ነበር። ድዳቸው ባዶ የቀረውን አያቶች ደግሞ «አርጅተው ነው» ብለን ከቁጥር አውጥተናቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት ከባድ የድድ በሽታ ያለባቸው ሰዎች አንድ ቢሊዮን ያህል ናቸው፤ ይህን ያህል ሕዝብ በእርጅና ብቻ አይታመምም። የስኳር ሕመምተኛ ድዱ ሲታመም ስኳሩን መቆጣጠር እንደሚከብደው፣ ስኳሩ ሲያሻቅብ ደግሞ ድዱ እንደሚብስበትም የታወቀ ነው። አፍ ከቀረው ሰውነት የተለየ አገር አይደለም።

ከባዱ ተቃውሞ የአቅም ነው። እናቶች በወሊድ ደም እየሞቱ፣ መንገድ እየተዘጋ፣ መድኃኒት እየጠፋ ስለ ድድ ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ? አይደለም፤ ምክንያቱም የምጠይቀው አዲስ ሕንፃ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ነፍሰ ጡር ቢያንስ ስምንት ጊዜ ክትትል እንድታደርግ መክሯል። በእነዚያ ቀናት ክብደቷ ይለካል፤ ደም ግፊቷ ይታያል፤ ሽንቷ ይመረመራል፤ የደም ማነስ መከላከያ ክኒን ይሰጣታል። «ድድሽ ይደማል ወይ?» ብሎ መጠየቅና አፏን አስከፍቶ ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አዋላጇ «የእርግዝና ነው» ማለቷን ትታ የማታውን አፋፋቅ ብታሳያት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ቤት ለቤት ስትዞር አማቲቱ ባለችበት ያንኑ ብትደግም፣ ከመርጡለ ማርያም ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ለጥርስ የሚደረገው ውድ ጉዞ ለብዙዎች ባላስፈለገ ነበር። በየወረዳው ያለው የጥርስ ክፍልም መንቀያ ጉጠቱን ብቻ ይዞ መቀመጡ መቆም አለበት፤ የጠጠረውን ቆሻሻ ከጥርስ ሥር የሚያነሳ መሣሪያና በዚያ የሠለጠነ አንድ ባለሙያ ይኑረው። ይህን ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያለብን እኛው ነን፤ ወንዶቹም ጭምር።