የዴራ ቦሎቄና የኢጣልያ ገበያ

በኢትዮጵያና በኢጣልያ መካከል ስላለው ንግድ ሲነገር፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በአዲስ አበባና በሮማ የሚፈረመው ስምምነት ነው። የስምምነትን ጥቅም የሚክድ ነጋዴ የለም። ሁለቱ መንግሥታት ኢንቬስትመንትን ስለ ማስፋፋትና ስለ መጠበቅ የተዋዋሉት በ1987 ዓ.ም. ነው። የኢጣልያ ጠቅላይ ሚኒስትር ጆርጂያ ሜሎኒ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጎብኝተዋል፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ሮማ ላይ በተደረገው የኢጣልያና የአፍሪካ ጉባኤም የማቴይ ፕላን የተባለው ለመሪዎቹ ሲቀርብ፣ አገራችን አስቀድመው ከተመረጡት አገሮች አንዷ ሆናለች። ስለ ቀረጥም የሆነ እንደ ሆነ፣ የአውሮፓ ኅብረት ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በኢኮኖሚ ወደ ኋላ ከቀሩት አገሮች የሚመጣውን ዕቃ፣ ከጦር መሣሪያ በቀር፣ ያለ ቀረጥና ያለ ኮታ ስለሚቀበል፣ ቦሎቄያችን ጄኖቫ ወደብ ሲደርስ ቀረጥ አይጠየቅበትም። በዚያ በኩል በሩ ክፍት ነው። ችግሩ ያለው ከበሩ ወዲህ፣ ለምሳሌ ዴራ ላይ ነው።

ዴራ ስንል የጎንደሩን ሳይሆን የአርሲውን ነው፤ ከአዳማ ተነሥቶ በአዋሽ መልካሳ በኩል ወደ አሰላ የሚወጣው መኪና የሚያልፍበትን የዶዶታን ከተማ ማለታችን ነው። ከዚያ በላይ ያለው ደጋ የስንዴና የገብስ አገር ነው። የዴራ ዙሪያ ግን ቆላማ፣ ዝናሙም አጭር ስለ ሆነ፣ በሦስት ወር ገደማ የሚደርሰው ቦሎቄ ይስማማዋል። የመልካሳ የርሻ ምርምር ማዕከል ለቆርቆሮ ፋብሪካ እንዲሆን ብሎ ያወጣው አዋሽ 1 የተባለው ነጭ ቦሎቄም ለዚህ አካባቢ የቅርብ ጎረቤት ነው። ከኢጣልያ በኩል ደግሞ የፔዶን ኩባንያ በ1990ዎቹ ማብቂያ አዳማ ላይ አኮስ ኢትዮጵያ የሚባለውን የቦሎቄ ማበጠሪያ ድርጅት አቋቁሟል። የሁለት አገር ንግድ ማለት እንዲህ ያለው ነው፤ ገዢው ገንዘቡን ይዞ እስከ ገበሬው ደጃፍ ድረስ ቀርቧል።

ይሁን እንጂ የአውሮፓ ቆርቆሮ አሻጊ የሚፈልገው ምን እንደ ሆነ ከእኛ ነጋዴዎች መካከል ስንቱ በሚገባ ያውቃል? ፍሬው መጠኑ የተካከለ፣ ነጭ፣ ያልተሰበረና ዝናም ያላቆሸሸው እንዲሆን ይፈልጋል። ትልቅና ትንሽ ፍሬ አብሮ ሲቀቀል ትንሹ ይፈርሳል፤ ትልቁ ጥሬ ይቀራል። አንዲት ጠጠር በአንድ በላተኛ ጥርስ ላይ ብትገኝ ካሣው በፋብሪካው ላይ ይወድቃል፤ ፋብሪካውም በሚቀጥለው ዓመት ሻጩን ይለውጣል እንጂ ደብዳቤ ሲጽፍ አይውልም።

ባለፈ አንድ ኅዳር ወር ይህ ጸሐፊ ዴራ ላይ በአንድ የእህል ነጋዴ ሚዛን አጠገብ ቆሞ ነበር። አንድ ገበሬ በሸራ ላይ ወቅቶ፣ ሚስቱና ልጆቹ የለቀሙትን ጥሩ ቦሎቄ አቀረበ። ከእርሱ ቀጥሎ የመጣው በመሬት ላይ የወቃውን፣ አፈርና ቀይ ፍሬ የተቀላቀለበትን አመጣ። ነጋዴው ለሁለቱም አንድ ዋጋ ከፈለና ሁለቱን ጆንያዎች በአንድ ክምር ላይ ገለበጣቸው። የመጀመሪያው ገበሬ ምንም አልተናገረም፤ ክምሩን አንድ ጊዜ አየና ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት ሸራውን የሚዘረጋው ስለ ምን ብሎ ነው?

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደረጃ ማውጣት ለነጋዴው እንግዳ ነገር አይደለም። ነገር ግን ደረጃው የሚወጣው በመጋዘን ነው፤ የዋጋው ልዩነት ወርዶ ገበሬው ዘንድ አይደርስም። ከዚህም በኋላ አዳማ ላይ ሴቶች በቀን ደመወዝ ተቀምጠው የሚለቅሙት፣ ዴራ ላይ በአንድ ደቂቃ የተቀላቀለውን ነው።

ለዚህ ቸልተኝነት ምክንያት የሆነ አንድ ነገር ነበር፤ ነጋዴው እርስ በርሱ ያውቀዋል። የውጭ ምንዛሪ በጠፋባቸው ዓመታት አንዳንድ አስመጪ ቦሎቄ የሚገዛው ዶላር ለማግኘት ብቻ ነበር። በአገር ውስጥ በውድ ገዝቶ በውጭ በርካሽ ሸጦ፣ ኪሣራውን በሚያስመጣው ዕቃ ላይ ይጨምረው ነበር። እንዲህ ላለው ሰው የቦሎቄው ጥራት ምኑ ነው? ቦሎቄውን ሙያቸው አድርገው የያዙት ላኪዎች ግን በዋጋ ተበልጠው ከገበያ ሲወጡ አይተናል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፣ ይህ ዘዴ የቀድሞ ትርፉ ቀንሷል። ላኪው ከእንግዲህ ከራሱ ከቦሎቄው ማትረፍ ይኖርበታል፤ እኛም ይህን እንደ ጉዳት አንቈጥረውም።

ስለዚህ የኢጣልያ የንግድ ልዑካን ሲመጡ ምክር ቤታችን በግብዣና በንግግር ብቻ እንዳይሸኛቸው እናሳስባለን። ብድርም አስቀድሞ አይጠየቅ። የሚጠየቀው ትንሽ ነገር ነው፤ ገዢዎቹ የሚፈልጉት የደረጃ ዝርዝር በአማርኛና በኦሮምኛ ተጽፎ፣ ከየደረጃው ዋጋ ጋር ዴራ ላይ በመንገድ ዳር ይለጠፍ። ከሥሩም ወንፊት፣ የርጥበት መለኪያና የታመነ ሚዛን ለማንም ሻጭ ክፍት ሆነው ይቀመጡ። የመሣሪያው ወጪ በላኪዎችና በገዢዎች መካከል ቢከፈል፣ አንድ ኮንቴይነር ተመላሽ ሲሆን ከሚደርሰው ኪሣራ ጋር የሚወዳደር አይደለም። የዴራ ነጋዴዎችም የሚመጣው መኸር ሳይደርስ ሁለቱን ጆንያዎች ለየብቻ የሚያስቀምጡበትን ቦታ ከአሁኑ ያዘጋጁ።