ካርዱ ዝም ካለ በኋላ



ባለፈው ዓመት የጂሲ ተማሪዎቻችንን በሸኘን ማግስት ጠዋት አዳራሹን ሊያጸዱ ከገቡት ልጆች አንዱ ነበርኩ። ወንበር እየደረደርን፣ የፈሰሰ ለስላሳ እየወለወልን ሳለ ከቆሻሻው ማዳበሪያ ውስጥ ቀጭን ድምፅ መሰማት ጀመረ። የአንዳችን ስልክ መስሎን ኪሳችንን ዳበስን። ስልክ አልነበረም። ሲከፈት የሚዘፍን የስጦታ ካርድ ነው፤ ማዳበሪያው ውስጥ ተጨፍልቆ፣ ክፍቱን ቀርቶ፣ ድምፁ እየሰለለ ያችኑ ዜማ ይደጋግማል። ሳቅን። አንድ በአንድ ስናወጣቸው ግን አስራ ሰባት ሆኑ። ከአራቱ ላይ ደግሞ የአላህ ስም በወርቃማ ቀለም ታትሞ ነበር፤ አንደኛው የሙዝ ልጣጭ ተለጥፎበታል። ያኔ ሳቃችን ቆመ።

የዘንድሮው መሸኛ እየደረሰ ነው። የስጦታ ኮሚቴው የሚገዛውን ዕቃ ዝርዝር ሳያጸድቅ በፊት በዚህ ጉዳይ ያለኝን ሐሳብ ላካፍላችሁ ፈለግሁ።

መጀመሪያ ካርዱ ውስጥ ምን እንዳለ ልንገራችሁ። እነዚያን አስራ ሰባት ካርዶች ወደ ዶርም ወስጄ በምላጭ ከፈትኳቸው። በሁለቱ ወረቀቶች መካከል የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ሰሌዳ አለች፤ በላይዋ የደረቀ ጥቁር ሙጫ ጠብታ ተቀምጧል። ቺፑ ያለው ከዚያ ሥር ነው። ከእሱ ቀጥሎ ስስ የብረት ክብ ታገኛላችሁ፤ ፒዞ ይባላል። ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ይርገበገባል፣ መርገብገቡ ድምፅ ይሆናል። ቢመቱት ደግሞ በተራው ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ይህን የክሪስታሎች ባሕርይ በ1880 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ወንድማማቾቹ ዣክና ፒየር ኩሪ ነበሩ። ኃይሉ የሚመጣው ከአንዲት ወይም ከሦስት የሰዓት ባትሪዎች ነው። ካርዱ ሲዘጋ አንዲት ቀጭን ምላስ በሁለት ብረቶች መካከል ገብታ ትለያያቸዋለች፤ ሲከፈት ምላሷ ትሳብና ብረቶቹ ይነካካሉ፣ ካርዱም ይዘፍናል። ጠቅላላ ምሥጢሩ ይኸው ነው።

ካርዶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ዜማው ከፋብሪካ ተቀርጾበት የመጣ ነው፤ ሊለወጥ አይችልም። ሁለተኛው የራሳችሁን ድምፅ የምትቀዱበት ነው። ትንሽ ማይክሮፎንና የመቅጃ ቁልፍ ስላለው ትለዩታላችሁ፤ ብዙ ጊዜ አስር ሰከንድ ያህል ይይዛል። ከነዚህም አንዳንዶቹ ባትሪው ቢያልቅ እንኳ ድምፁን አይለቁም፤ ሌሎቹ ባትሪው ሲወጣ አብሮ ይጠፋባቸዋል።

ይህን ልዩነት የተማርኩት ክፍል ውስጥ አይደለም። መድረሳ ቁርኣን ባኸተምኩ ዓመት ጅዳ በሰው ቤት የምትሠራው ታላቅ እህቴ ወደ አገር ቤት በሚመለስ ሰው እጅ አንድ ካርድ ላከችልኝ። ስከፍተው የራሷ ድምፅ ወጣ፦ «ወንድምዬ እንኳን ደስ አለህ፣ አላህ በቁርኣን ያልቅህ፣ እማዬን አደራ»። ከዚያ በላይ ጊዜ አልበቃትም። እናቴ ያን ካርድ ከመግሪብ በኋላ እየከፈተች ትሰማ ነበር። በዚያን ጊዜ እህቴ ስልክ የምትይዘው አሠሪዎቿ ሲፈቅዱላት ብቻ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ካርዱ ዝም አለ። እኛም ድምፁ የጠፋ መሰለን፤ እናቴ ግን ካርዱን አልጣለችም፣ ሣጥኗ ውስጥ ከልብሷ ሥር አኖረችው።

ባለፈው ክረምት ቤት ስሄድ ከፈትኩትና ሦስቱን ባትሪዎች ቀየርኩ። የእህቴ ድምፅ እንደነበረ ወጣ። እናቴ ምንም አልተናገረችም፤ ሻሿን ዓይኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እኔ በሥራዬ ስኩራራ ያወጣኋቸውን አሮጌ ባትሪዎች መደቡ ላይ ረስቼ ኖሯል። ሁለት ዓመት ያልሞላት የጎረቤት ልጅ አንዷን አንስታ አፏ ውስጥ ከተተች። እናቴ ናት ቀድማ አይታ በጣቷ ያወጣችላት። «አንተ ልጅ፣ ተምረህ ተምረህ ይህን አታውቅም?» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ አላውቅም ነበር።

አሁን አውቃለሁ፤ እናንተም እወቁት። የሰዓት ባትሪ ሕፃን ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረ በእርጥቡ ሥጋ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያልፋል፣ በባትሪው ጫፍ ላይም የሚያቃጥል አልካሊ ይፈጠራል። በሁለት ሰዓት ውስጥ የምግብ ቱቦን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። ከሁሉም የባሱት ባለ 3 ቮልቶቹ ሰፋፊ የሊቲየም ባትሪዎች ናቸው። «አልቋል» የምንለውም ቢሆን ለዚህ የሚበቃ ኃይል ይቀረዋል። አሜሪካ በ2022 እ.ኤ.አ. ለነዚህ ባትሪዎች ብቻ የተለየ የደኅንነት ሕግ ያወጣችው ሕፃናት ስለሞቱባት ነው። ልጅ ባትሪ ውጧል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ለማስታወክ አትሞክሩ፣ «በራሱ ይወጣል» ብላችሁም አትጠብቁ፤ ያንኑ ደቂቃ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ። ከካርድ ያወጣችሁትን ባትሪ በሁለቱም ፊት ፕላስተር ለጥፋችሁ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡ፤ እሳት ውስጥም አትጣሉት፣ ይፈነዳል።

ወደ መሸኛችን ልመለስ። አንዳንድ ወንድሞች «ስጦታ ሱና ነው፣ በዓመት አንድ ቀን ለምትደረግ ነገር አትሰስቱ» ይላሉ። ስጦታ ሱና መሆኑን ማን ይክዳል? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መሰጣጣት መዋደድን እንደሚያመጣ አስተምረውናል። ነገር ግን እሳቸው ጎረቤት ለጎረቤት የምትልከውን እንዳትንቅ ሲመክሩ በምሳሌነት ያነሱት የበግ ሰኮና ነው። የሐዲያ ክብሯ በዋጋዋ ወይም በምታሰማው ድምፅ አይደለም። አስራ ሰባቱ ካርዶች ማዳበሪያ ውስጥ የገቡት ተማሪዎቻችን ምስጋና ቢሶች ስለሆኑ አይመስለኝም። ካርዱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር፤ ውስጡ የተጻፈውም በፋብሪካ የታተመ ነበር። አራት ዓመት አብሮን በአንድ ሶፍ የቆመ ወንድም የማንንም እጅ ጽሑፍ አላገኘበትም። ታዲያ ምን ብሎ ሻንጣው ውስጥ ይክተተው?

«ለአንድ ትንሽ ካርድ ይህን ያህል?» የሚልም ይኖራል። እኔም እንደዚያ እል ነበር። ነገር ግን በ2022 እ.ኤ.አ. ብቻ ዓለም የጣለው የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ 62 ሚሊዮን ቶን ደርሷል። በሥርዓት ተሰብስቦ ዳግም ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ከዚህ ሩቡ እንኳ አይሞላም። ትልቁን ማቀዝቀዣና ቴሌቪዥን ቆራሌው ይወስደዋል፣ ምናለሽ ተራም ብረቱን አታባክንም። የሚዘፍነውን ካርድ ግን ማንም አይጠይቀውም። ትንሽ ስለሆነ ከወረቀት ጋር ይጣላል፣ ከወረቀት ጋር ይቃጠላል። ሱረቱል ኢስራእ አባካኞችን ከማን ጋር እንደሚያዛምዳቸው ከመድረሳ ጀምሮ የምናውቀው ነው፤ ትንሽ አባካኝና ትልቅ አባካኝ ብሎ ግን አልከፈለልንም።

የአላህ ስም የታተመባቸውን ካርዶች በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልገኝም። ስሙን በወርቃማ ቀለም አትመን፣ በማግስቱ ከሙዝ ልጣጭ ጋር የምንጥለው ከሆነ ባናትመው ይሻለናል። የቁርኣን አንቀጽ በካርድ ላይ ስለመቅዳትም እንዲሁ እሰጋለሁ፤ ካርዱ የት ተከፍቶ እንደሚጮኽ አናውቅም። ሁክሙን ኡስታዞቻችን ይንገሩን፤ እኔ የምናገረው ስለ አደቡ ነው።

አዲስና አስገራሚ ነገር መሥራት ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። አል-ጀዘሪ በ1206 እ.ኤ.አ. ባጠናቀቀው መጽሐፉ የዝሆኗን ሰዓትና ሌሎችም ሰውን የሚያስደንቁ መሣሪያዎችን ገልጿል። የእሱን ሥራ ከዛሬው ካርድ የሚለየው፣ እያንዳንዱ ክፍል እንዴት እንደሚሠራና እንደሚገጠም በዝርዝር አስቀምጦ ለኋለኛው ሰው ማስተላለፉ ነው። የኛ ካርድ ቺፕ ግን በጥቁር ሙጫ ተደፍኖ «አትክፈቱኝ» ይላል። የኛ ሥራ መክፈት ነው።

ከከፈትን በኋላስ? የሞከርኳቸውንና ልንሠራቸው የምንችላቸውን ልዘርዝር።

ድምፅ የሚቀዳው ዓይነት ከሁሉም የበለጠ ጠቃሚ ነው። በግቢያችን ማየት የተሳናቸው እህት ወንድሞች አሉን። የመድኃኒት ዕቃቸው ወይም ሎከራቸው ላይ ቢለጠፍ፣ ቁልፉን ሲጫኑ «ይህ የጠዋቱ ነው» ብሎ ይነግራቸዋል። ይህን ለአንድ ወንድም ሠርቼለት እስካሁን እየተጠቀመበት ነው። መድረሳ ለሚያስተምሩ እህቶቻችንም ይጠቅማል፤ በካርቶን ላይ «አሊፍ»፣ «ባ»፣ «ታ» ተጽፎ ከእያንዳንዱ ሥር አንድ መቅጃ ቢቀመጥ ሕፃናቱ እየተጫኑ ይማራሉ። ለሕፃናት ሲሆን ግን የሰዓት ባትሪውን አውጥታችሁ በሪሞት ባትሪ ድንጋይ ተኩት፣ ማስቀመጫውንም በብሎን እሰሩት። ለ3 ቮልት ሁለት ድንጋይ፣ ለ4.5 ቮልት ሦስት ድንጋይ ይበቃል፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን አታምታቱ።

ዜማው የማይለወጠው ዓይነትም አይጣልም። ምላሱ ያለበትን ቦታ ከመሳቢያ ወይም ከበር ጋር አያይዙት፤ ሲከፈት የሚጮኽ ማንቂያ ይሆናል። ፒዞውን ነቅለን ሁለት ሽቦ ብንበይድበት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቻችን ኦሲሎስኮፕ ላይ አገናኝተው በጣት ሲመቱት ሞገዱን በዓይናቸው ያያሉ። መብራት ያለው ካርድ ከሆነም አምፖሎቹ ለልምምድ ይሆናሉ። ገዝተን የምንማርበትን ዕቃ በማዳበሪያ እየጣልን እንደነበር የገባኝ እዚህ ላይ ነው።

የምትወዱት ሰው ድምፅ ያለበት ካርድ ካላችሁ ደግሞ ባትሪው ሳያልቅ ዛሬውኑ ወደ ስልካችሁ ቅዱት። የናንተው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ከውጭ አይታወቅም፤ እኛ ቤት ድምፁ የተረፈው በአላህ ፈቃድ ያ ካርድ የማይረሳው ዓይነት ሆኖ ስለተገኘ ብቻ ነው።

ለኮሚቴው ያለኝ ሐሳብ ይኸው ነው። ዘንድሮ የሚዘፍን ካርድ አንግዛ። ለእያንዳንዱ ጂሲ ከሚያውቁት ሦስት ሰዎች በእጃቸው የጻፉት አንድ ገጽ ደብዳቤ ይሰጠው። በተረፈው ገንዘብ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ለማሳተም ወይም አገር ቤት ለመግባት የትራንስፖርት ለሚያጥራቸው ወንድምና እህቶች እንድረስ፤ እነማን እንደሆኑ የሚያውቀው ኮሚቴው ብቻ ይሁን። በጀመዓው ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አንድ ካርቶን ይቀመጥ፤ አሮጌ ካርድ ያለው ሁሉ ያምጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዐስር በኋላ እኔና ሁለት ጓደኞቼ መበየጃችንን ይዘን እንቀመጣለን፤ መማር የሚፈልግ ከየትኛውም ዲፓርትመንት ይምጣ።

መድረሳ የቀራን ሁላችን ሉሓችንን እናስታውሳለን። ትምህርታችንን በቃላችን ስናሰማ ኡስታዙ «እጠበው» ይሉናል፤ አጥበን፣ ፀሐይ ላይ አድርቀን፣ የሚቀጥለውን እንጽፍበታለን። የታጠበበትን ውኃ እንኳ ሰው በሚረግጠው ቦታ አንደፋም። እኔ የቀራሁበት ሉሕ ከእኔ በፊት የታላቅ ወንድሜ ነበር፣ ከእኔ በኋላ ደግሞ ለጎረቤት ልጅ ተሰጠ። አንድ እንጨት ስንቱን ልጅ አስተማረ! ትምህርቱ አለቀ ብሎ ሉሑን የጣለ ሰው ግን አላየሁም።

አላህ ከአባካኞች አያድርገን፤ ለሚመረቁት እህት ወንድሞቻችን ዕውቀታቸውን በረካ ያድርግላቸው። ቅዳሜ ከዐስር በኋላ ኢንሻአላህ እንገናኝ። ካርዶቻችሁን አትርሱ።