ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ

በደቡብ ወሎ የአርዲቦ ሐይቅ ትርፍ ውሃ በወንዝ ቁልቁል ወርዶ የእስጢፋኖስ ገዳም ወዳለበት ወደ ሎጎ ሐይቅ ይገባል። ከታች ያለ ሰው ውሃው ደፍርሶ ቢያገኘው የሚበጀው እንስራውን መውቀስ አይደለም፤ ወንዙን ተከትሎ ሽቅብ በመውጣት ከየት ጀምሮ እንደደፈረሰ ማየት ነው። አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ሲሉ ይህንኑ መክረውናል።

ብሂሉን ያስታወሰኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያው አካባቢ በአንድ መሥሪያ ቤት የገጠመኝ ነገር ነው። አንድ አዛውንት ገበሬ ከአርዲቦ ዳርቻ በእግራቸው መጥተው ደብዳቤ ይጠብቃሉ። ከማተሚያው የወጣው ወረቀት ግን ትርጉም በሌላቸው የላቲን ፊደላት የተሞላ ነበር። ቢደገምም ያው ሆነ። «አባቴ፣ ፕሪንተሩ ተበላሽቷል፤ ሰኞ ይመለሱ» ተባሉ።

ፈቃድ ጠይቄ መንገዱን ከታች ወደ ላይ ተከተልኩት። ማተሚያውን ከኔትወርኩ ነቅለን የራሱን የሙከራ ገጽ ስናሳትም ጥርት ብሎ ወጣ። ቀጥሎ የተጠረጠረው ኬብሉ ነበር። ይሁንና በኔትወርክ የሚጓዝ መረጃ የማረጋገጫ ድምር ስለሚይዝ በመንገድ የተበላሸው ተጥሎ እንደገና ይላካል። ኬብል ሥራውን ያቋርጥ ይሆናል እንጂ አማርኛውን ወደ ላቲን አይለውጥም። ሦስተኛው ተጠርጣሪ ድራይቨሩ ነው። ድራይቨሩ በፖስትስክሪፕት ሲልክ ማተሚያው የሚያውቀው ፒሲኤልን ብቻ ከሆነ በጽሑፉ ፈንታ የትእዛዝ መስመሮች ገጽ በገጽ ይወጣሉ። ከዚያው ኮምፒዩተር የታዘዘ ሌላ ሰነድ በደንብ መታተሙ ግን ድራይቨሩንም ነጻ አወጣው። በመጨረሻ ደብዳቤው የተከፈተበትን ስክሪን ተመለከትን፤ እዚያም ያው ላቲን ነበር። ደብዳቤው የተጻፈው በሌላ ኮምፒዩተር ሲሆን፣ የተጻፈበት ፎንት እዚህኛው ላይ አልተጫነም።

የነገሩ ሥር ይህ ነው። የቀድሞዎቹ የአማርኛ ፎንቶች ፊደሎቻችንን ያስቀመጧቸው በላቲን ፊደላት የኮድ ቁጥሮች ላይ ነበር። በአንድ ባይት የሚገኘው ቦታ 256 ብቻ በመሆኑም አንዳንዶቹ ፊደላችንን ለሁለትና ከዚያ በላይ ፎንቶች አከፋፍለውታል። ፎንቱ የሌለው ኮምፒዩተር የሚያየው ቁጥሩን ብቻ ስለሆነ ላቲኑን ያወጣል። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ዕትሙ ለፊደላችን የራሱን ቦታ ሰጥቷል፤ በዚህ ሥርዓት «ሀ» በማንኛውም ኮምፒዩተር ቁጥሯ 4608 ነው።

ስለዚህ መሥሪያ ቤቶች አዲስ ደብዳቤ በዩኒኮድ ብቻ ሊጽፉ፣ የቆዩ ፋይሎቻቸውንም ሊያስቀይሩ ይገባል እላለሁ። ወደ ሌላ ኮምፒዩተር የሚላክ ሰነድ ፎንቱን በውስጡ በያዘ ፒዲኤፍ ቢቀመጥ ይመረጣል። እናንተ ተማሪዎች ደግሞ በቤተ ሙከራ የምትማሩትን ልማድ ወደ ቢሮ ይዛችሁ ግቡ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ ውጤቱን መዝግቡ። «ተበላሽቷል» የሚለው ቃል የምርመራው መነሻ ነው፤ መልስ አድርጎ ሰውን ማሰናበት አይገባም።

ፎንቱ ተጭኖ ደብዳቤው እስኪታተም አሥር ደቂቃ አልሞላም። አዛውንቱ ግን ባዶ እጃቸውን መንገድ ጀምረው ነበር።